አምስተኛው ጥያቄ

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥና አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ የገዛ ቤተ ሙከራቸው የሽንት ፊኛ ካንሰራቸውን ጂኖች ለክቶ ያወጣው ትንበያ ነው፦ «አጫሽ፣ ለ32 ዓመት። ቀሪ ዕድሜ ከሦስት ወር በታች፤ በብርቱ ሥቃይ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ማን አወጣው?»

«ማሽኑ» አለች የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ፣ ዓይኗ አብጦ። «ሳላየው አሽጌ ለምክትላቸው ሰጠሁት።»

ምክትሉ ማስቲካ ያኝካል። የፕሮፌሰሩን ወንበር ዘጠኝ ዓመት በዓይኑ ሲለካ ኖሯል።

«እንደታሸገ አደረስኩ። ፖስተኛ ነበርኩ።»

«ያጨሱ ነበር እንዴ?»

«እሳቸው? ሲጋራን ሲረግሙ የኖሩ ሰውዬ? ኧረ በሕግ!»

መርፌ ወደ ሚስትየው ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ?»

«ጭስ ጭስ የሚል ሸሚዛቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ማወቄን ግን አያውቁም ነበር።»

መርፌ ጣሪያው ላይ ወጣች። አሮጌ የአበባ ማሰሮ በሲጋራ ቁራጭ ተሞልቷል፤ ግማሾቹ ላይ ማስቲካ ተጣብቋል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሟቹ ለምርመራው በእጃቸው የሞሉት ቅጽ ይኸውና። አምስተኛው ጥያቄ፦ ያጨሳሉ? መልሱ፦ በጭራሽ። ማሽኑ የነገሩትን እንዳለ ይቀበላል፤ ውስጡ ያለው ዋናው ውጤትም 'አያጨስም፣ ስድስት ዓመት ይኖራል' ይላል። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ግን 'አጫሽ፣ ለ32 ዓመት፤ ከሦስት ወር በታች' ይላል። ማጨሳቸውን እትዬ ያውቃሉ፤ ፖስታውን ግን አልነኩም። ጣሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ያጨሱ ነበር፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ያኝካል።»

ምክትሉ ማኘኩን አቆመ።

«ሥቃይ እንደሚፈሩ፣ ክኒኑም መሳቢያቸው ውስጥ እንዳለ ታውቅ ነበር። ወረቀቱን ስትቀይር የአምስተኛውን ጥያቄ መልስ ምነው እንዳለ አልተውከው?»

«የተሳሳተ መረጃ አይቼ ማለፍ አልችልም!» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ባለሙያዋ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ነበር። «ስድስት ዓመት የመጣው ስለዋሹ ነው። ሠላሳ ሁለቱን ዓመት ሳስገባው...» ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረች። «ስምንት ወር።»

ምክትሉ በሳቅ ፈነዳ። «አያችሁ? ከማሽኑ ይልቅ ለእውነቱ የቀረብኩት እኔ ነኝ!»

«ስምንት ወር ብትታገስ ወንበሩ ራሱ ይመጣልህ ነበር» አለች መርፌ፣ ካቴናውን እየቆለፈች።

ሚስትየው የባላቸውን ኮት ከመስቀያው አውርደው እጃቸው ላይ አጠፉት።

«ስምንቱ ወር የኔ ነበር» አሉ።