ድምፁን የተቀማው ፈረስ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ዳር፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ግቢ አለ። ሐዋሳ ውስጥ «የፈረሱ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ቢኖር፣ የትኛውም ባለባጃጅ ሳያንገራግር እዚያ ያደርሰው ነበር። ፈረሱ ሣር የሚበላ ፈረስ አይደለም። ደርግ ሲገባ አገር ጥሎ የሄደ ፈረንጅ የሸጠው፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግንባሩ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ምስል የተለጠፈበት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሙስታንግ ነው። የገዙት የጋሽ ግዛቸው አባት ነበሩ። ጋሽ ግዛቸው ደግሞ ከአባታቸው ወርሰው ዕድሜ ልካቸውን ሙሽራ አመላለሱበት። በዚህ ከተማ ቃል ኪዳኑ ተገብቶ ሲያበቃ አጀቡ ፒያሳን ዞሮ ወደ ሐይቁ ካልወረደ ሰርጉ ሰርግ አይባልም፤ ከፊት የሚመራው ፈረሱ ከሆነ ደግሞ ያ ሰርግ ለዓመት ይወራል። ሞተሩ ሲያጓራ የሱቅ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃናት እየጮኹ ይከተላሉ፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ!

የጋሽ ግዛቸው ባለቤት እትዬ አባይነሽ ግን ፈረሱን ካዩት ቆይተዋል። የስኳር በሽታ መጀመሪያ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ፊደል አደበዘዘባቸው፣ ቀጥሎ የልጆቻቸውን የኦሊያድንና የሐዳሳን ፊት ነጠቃቸው፣ በመጨረሻም ፀሐዩንና ጥላውን አንድ አደረገባቸው። ከቤቱ ሥራ ሁሉ አንዲት ሥራ ብቻ ቀረችላቸው፤ እሷን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር። ለባላቸው የግቢውን በር መክፈት! ፈረሱ ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ድምፁ ይደርሳቸዋል። ከበረንዳው ይነሱና በትራቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ ቀድመው በሩ ዘንድ ይገኛሉ። በሌላው ግቢ መኪና በር ላይ ሲደርስ ክላክስ ያንባርቃል፤ በእነሱ ቤት ግን ክላክስ ተነፍቶ አያውቅም። ለምን ይነፋል? የሰማችው ሴት እኮ ቆማ እየጠበቀች ነው! ሐዳሳ «እማዬ፣ ትወድቂብናለሽ፣ እኔ እከፍትለታለሁ» ስትላቸው እትዬ አባይነሽ ይስቁባት ነበር።

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ይቺን ደግሞ አትውሰዱብኝ።»

ዘመኑ ግን ሌላ ዘመን ሆነ። መንግሥት ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የሐዋሳ ጎዳና ኮሽ በማይሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞላ። ሙሽሮችም ነጭና ጸጥ ያለ ነገር አማራቸው። በዚያ ላይ ቤንዚን የሚገኘው በሰልፍ ነው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ግዛቸው ማደያ ሰልፍ ላይ ቆመው ሲንገላቱ፣ ሙሽራዪቱ ጠብቃ ጠብቃ በሌላ መኪና ሄደች። ፈረሱ አበባ እንደለበሰ ባዶውን ተመለሰ። ፒያሳ ላይ ከካፌ በረንዳ የተቀመጡ ጎረምሶች «ጋሼ፣ ሙዚየም ያስገቡት!» ብለው ቀለዱባቸው። ጋሽ ግዛቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው «የእናንተም ሲያረጅ እናየዋለን!» አሉና ነዳጁን ረገጡት። ጎረምሶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ጋሽ ግዛቸው እስከ ቤታቸው ድረስ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነዱ፤ ግቢ ከገቡ በኋላ ግን መሪውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ከመኪናው አልወረዱም።

ኦሊያድ ይህን አይቷል። የተማረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ጋራዥ እነዚያኑ ጸጥተኛ መኪኖች ይጠግናል። አባቱን ይወዳል። እንዴት እንደሚወድ ብታዩ! ያን ዕለት እራት ላይ በፍርሃት ጀመረው።

«አባዬ፣ ሞተሩን እናውጣና በባትሪ እናድርገው። መልኩ ያው ነው፣ አካሉ ያው ነው። ከሰልፉ ትገላገላለህ።»

«ያንተን ልብ አውጥቼ ባትሪ ብገጥምልህ ኦሊያድ ትባላለህ?»

«እንዲሁ ቆሞ ከሚበሰብስ እኮ ብዬ ነው።»

«ይበስብስ! ያረጀውን ሁሉ እየገነጠላችሁ የምትጥሉ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ!»

አባትና ልጅ ስለ ፈረሱ ብዙ ተከራከሩ። ስለ እናቲቱ ጆሮ ግን ማን አሰበ? ማንም!

መከራ አንዴ በሩን ካወቀው መመላለሱን አይተውም። ጋሽ ግዛቸው በኩላሊት ታመው ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሐዳሳ ልታስታምም አብራቸው ሄደች። ቆይታው ሁለት ወር ገደማ ሆነ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ኦሊያድ ለፍቅር ሲል የሠራውን ሥራ ጠላት እንኳ አይሠራውም። ለእናቱ «መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ ጥቂት ጥገና አለው» አላቸው። ከሥራ በኋላ ብቻውን እየተጋ የፈረሱን ሞተር አወረደ፤ ከተገጨ የኤሌክትሪክ መኪና በተገኘ ባትሪና ሞተር ተካው። የወረደውን ሞተር ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች ጭነው ወሰዱት። ለምን አላስቀመጠውም ትሉ ይሆናል። አባቱ አይተው እንዳያዝኑበት ብሎ ነው! ምስኪን ልጅ... ሐዘኑን ከዓይን ሲሰውር አብሮ ምን እንደሰወረ አላወቀም።

አባቱ የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ኦሊያድ ፈረሱን እንደ ሰርግ ቀን አስጌጠው፤ የኋላው መስታወት እስኪሸፈን ድረስ በነጭ ጨርቅና በአበባ አለበሰው። አባቱንና እህቱን ከመናኸሪያ ሊቀበል ሄደ። ጋሽ ግዛቸው መኪናቸውን ከሩቅ ሲያዩ፣ የከሱት ያ ሁሉ ክሳት ከፊታቸው ላይ የጠፋ መሰለ። ሻንጣቸውን ለሐዳሳ ጥለው እንደ ልጅ ፈጥነው ገቡ። ኦሊያድ አስነሳው። ምንም አልተሰማም። መኪናው ግን ሄደ።

«ኦሊያድ... ምን አድርገኸዋል?»

«አባዬ፣ ላስደስትህ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ማንም አያሾፍብህም።»

ጋሽ ግዛቸው መንደራቸው መግቢያ ድረስ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ከአስፋልቱ ሲታጠፉ፣ ሁልጊዜ ፈረሱ የሚያጓራበት ቦታ ላይ ጸጥ ሲል፣ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

«አቁም! አስክሬን ላይ ተቀምጬ ቤቴ አልገባም!»

ወረዱ። ሐዳሳም አባቷን ልትደግፍ ወረደች። ኦሊያድ እንባው እየወረደ ብቻውን ወደ ፊት ነዳ። የዚያ ቤት ልማድ መኪናው ወደ ኋላ እየተነዳ መግባት ነበር፤ በማግስቱ ሙሽራ ሊወስድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ያድር ዘንድ። ሁልጊዜም ከቤቱ ሰው አንዱ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ ያስገባል። ያን ቀን «በቃ» የሚል አልነበረም። አባቱ ተቆጥተው ወርደዋል። በሩን ለመንገደኞቹ ክብር ጎረቤት ቀድሞ ከፍቶታል። ክላክስ በዚያ ቤት አይነፋም። እትዬ አባይነሽ ባላቸው መናኸሪያ እንደደረሱ በስልክ ከሰሙ ጀምሮ ከበረንዳው ተነስተው፣ በግቢው መሐል በትራቸውን ተደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አቅንተው ፈረሱ እስኪያጓራ ይጠብቁ ነበር። ፈገግ ብለው ነበር ይላል ያያቸው ጎረቤት!

ፈረሱ ኮሽ ሳይል ወደ ኋላ ሲገባና ሚስታቸው መንገዱ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ጋሽ ግዛቸው ከመንገዱ ጫፍ አዩ። «አባይነሽ!» ብለው ጮኹ። ለድሮው ፈረስ ቢሆን ኖሮ ጩኸት ባላስፈለገ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ እትዬ አባይነሽ ሁለት ቀን ሰነበቱ። ፈረሱ ገፍቶ ሲጥላቸው ጭንቅላታቸው የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ነበር ያረፈው። በሁለተኛው ቀን ከሰመመናቸው ነቁና የባላቸውን እጅ ዳሰሱ።

«የኦሊያድ አባት... መጣህ? መኪናውን አልሰማሁትም እኮ። ጆሮዬም ደከመ መሰለኝ።»

ጋሽ ግዛቸው የሚስታቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙ።  የአልጋው እግር ስር የተንበረከከው ኦሊያድ ነበር የተናገረው።

«ጆሮሽ አልደከመም እማዬ። ድምፁን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የገጨሁሽም እኔ ነኝ።»

እትዬ አባይነሽ ደካማ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ራስ ፈለጉ፤ አገኙት።

«ልጄን ገዳይ የሚል ሰው እኔን ይጠይቀኝ። የኦሊያድ አባት፣ ሰማኸኝ? ቤታችን ውስጥ ያ ቃል እንዳይገባ።»

በዚያው ቀን አረፉ።

ጋሽ ግዛቸው ያን ቃል አልተናገሩም። ሌላ ቃልም ግን አልተናገሩም! ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለልጃቸው አፋቸውን አልከፈቱም። ፖሊስ ኦሊያድን ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱ የእናቱን መጨረሻ ቃል ከምስክሮች ሰምቶ ቅጣቱን በገደብ አደረገለት። ተፈትቶ ሲመጣ አባቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጨካኝ ናቸው እንበል? እኔስ አልልም። ልጃቸውን ባዩ ቁጥር የሚያዩት ራሳቸውን ነበር፤ ተቆጥተው ባይወርዱ ኖሮ ከመኪናው ኋላ ቆመው «በቃ!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ይህንን ለማን ይናገሩታል? ኦሊያድ በበኩሉ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎችን አንድ በአንድ ዞረ። ሞተሩ ተቆራርጦ ወደ ማቅለጫ ከሄደ ቆይቷል። ፈረሱ ሸራ ለብሶ በግቢው ጥግ ቆመ። በአንድ ጣሪያ ስር የሚበሉ ሁለት ወንዶች፣ በመሐላቸው አንዲት እህት... ከዚህ የከፋ ሞት ምን አለ?

ዓመት አልፎ የሐዳሳ ሰርግ ደረሰ። እጮኛዋ ተመስገን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ባልደረቦቹ አዲስ ነጭ መኪና አዘጋጅተውለታል። በሰርጉ ጠዋት ሐዳሳ በነጭ ቀሚሷ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች፤ ሸራውን በገዛ እጇ ገፈፈችው።

«እኔ የምሄደው በዚህ ነው። የሚነዳውም ወንድሜ ነው።»

የእናቷ ወንድም አቶ ደሳለኝ ደነገጡ።

«አብደሻል እንዴ? እናትሽን በገደለ መኪና ትዳሪያለሽ? ሰው ምን ይላል!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማዬ የከለከለችውን ቃል እርስዎ ደገሙት። ይህን መኪና ብንደብቀው ወንድሜንም አብረን ደበቅነው ማለት ነው። እኔ ወንድሜን አልደብቅም! በዚህ ካልሄድኩ ዛሬ ሰርግ የለም።»

ተመስገን አንዴ አቶ ደሳለኝን፣ አንዴ ሙሽራዪቱን አየ፤ የኋላውን በር ከፍቶላት አብሯት ገባ። ኦሊያድ መሪው ላይ ተቀመጠ። አበባም ጨርቅም አላደረጉበትም፤ መስታወቱ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁሉም ሰው ወደ አባትየው ዞረ። ጋሽ ግዛቸው በሙሉ ልብሳቸው በረንዳው ላይ ቆመዋል።  ደረጃውን ወረዱ፣ ግቢውን አቋርጠው ሄዱ፣ የፊት በሩን ከፍተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ኦሊያድ ቁልፉን አዞረ። እንደ ወትሮው ምንም አልተሰማም። አጃቢው ሁሉ አቀረቀረ።

ያኔ ጋሽ ግዛቸው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ራሳቸውን አወጡና ደረታቸውን ሞልተው ተነፈሱ። ከዚያ የዚያን ሞተር ድምፅ፣ ያንን ዕድሜ ልካቸውን የሰሙትን ማጓራት፣ ከገዛ ጉሮሯቸው አወጡት! ሽማግሌው እንደ መኪና አጓሩ! መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች ገባቸው፤ እልልታው ከለቅሶ ጋር ተደባለቀ። ኦሊያድ መሪው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። አባቱ ማጓራታቸውን አቁመው ወደ እሱ ዞሩ።

«እያለቀስክ አይነዳም። እንባህን ጥረግ ልጄ። እህትህ ትዘገያለች።»

ከዓመት ዝምታ በኋላ የተናገሩት ይህንን ነው።

ነገ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ሁሉ ከመንገድ ይጠፋ ይሆናል፤ ይጥፋ! ዕድል ከዚያ ቤት ዓይን ወስዳለች፣ ድምፅ ወስዳለች፣ እናት ወስዳለች። ልጁንም ልትጨምር እጇን ዘርግታ ነበር። ጋሽ ግዛቸው ግን ያን ዕለት አልሰጥም አሉ። ለዕድል እምቢ ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ቃል ኪዳኑ ተገብቶ ፒያሳን ሲዞሩ ጋሽ ግዛቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ አጓሩ። ድምፃቸው ሲዘጋ ኦሊያድ ተቀበላቸው፣ እሱ ሲደክመው ከኋላ ሙሽራዪቱ ቀጠለች፤ እንዲህ እያሉ ወደ ሐይቁ ወረዱ።