በቃለ ጉባኤ የተጻፈ ቅናት

የዴራው ስልክ አገናኝ ኑሬ እንዲህ አለ፦ «እሑድ በስምንት ሰዓት፣ እዚህ ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት፣ የሁሩታዋን ሙሉብርሃንንና የእናንተን ጆቴን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሰላም ልበላቸው ብዬ አፈርኩ።»

የሁሩታዋ በድሪያ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እሑድ? እሑድማ ሙሉ ከእኔ ጋር ተረኛ ነበረች። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ምሳችንን እንኳ እዚሁ ነው የበላነው። ኑሬ ዓይኑን ይታይ።»

መርዳሳ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ለየብቻ ሰማ። ኑሬ ወሬ የሚጨምር ሰው አይደለም። በድሪያም ዋሽታው አታውቅም። እሱ ግን ናዝሬት ስልክ ቤት ውስጥ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደደፋ፣ በሁለቱ ቃል መካከል ተቀርቅሮ ቀረ።

ዘመኑ 1972 ነው። በዚያን ጊዜ ከናዝሬት ወደ ገጠር ከተሞች የሚሄደው ስልክ ሁሉ በሰው እጅ ይገናኝ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት፣ የየከተማው ስልክ አገናኞች መስመሩን ለመሞከር በአንድነት ይገናኛሉ። ሙከራው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እነሱ ግን ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። ስምም አይጠራሩም፤ እያንዳንዱ በከተማው ነው የሚጠራው።

«ዴራ፣ አካም ቡልቴ?»

«ደህና። ነፋሱ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ያየ አለ?»

«ወደ እኛ አልመጣም። ሻሸመኔስ?»

«ድንች የጫነ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። አገሩ ሁሉ በነጻ እየቀቀለ ነው።»

«ሁሩታ?»

«አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ የመሠረተ ትምህርት ፈተና አለፉ። የምስክር ወረቀታቸውን ገልብጠው ይዘው ሲያነቡ አየኋቸው።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ሙሉብርሃን ነበረች። መርዳሳ ሳያያት ሰባት ወር ድምጿን ሰምቷል። ስትስቅ መጀመሪያ ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ሳቋ ከዚያ ይከተላል። እሱም ያንን ትንፋሽ እየጠበቀ ከእንቅልፉ ይነሳ ነበር።

በአካል የተገናኙት ናዝሬት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። ለዓይን ሐኪም ከበድሪያ ጋር መጣች። መርዳሳ ሸሚዙን አስተኩሶ ጠበቀ። ከሁለቱ ረጅሟ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሮጦ ሦስት ጊዜ ሳማት። «ድምፅሽ እንደ መልክሽ ነው» አላት።

ከኋላዋ አጭር፣ ጠይም ልጅ ሳቋን አፍና ቆማ ነበር።

«ናዝሬት» አለችው። «ሁሩታ እዚህ ናት።»

በድሪያ እስከ ዛሬ «የመጀመሪያውን መሳም እኔ ወስጃለሁ» እያለች ትቀልድበታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መርዳሳና ሙሉብርሃን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይገናኙ ጀመር። አንዴ እሱ ይሄዳል፤ አንዴ እሷ ትመጣለች። እንጋባ ብሎ ጠይቋታል። «ሁሩታ ሆኜ ናዝሬት ላይ ትዳር እንዴት ይሆናል? ትንሽ ታገሠኝ» ብላዋለች።

እየታገሠ ሳለ ነው የዴራው ወሬ የመጣው።

ጆቴ የሥራ ባልደረባው ብቻ አልነበረም። ወንበራቸው ጎን ለጎን ነው። ምሳ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። መርዳሳ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ፣ ጠየቀው።

«እሑድ የት ዋልክ?»

ጆቴ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ፣ «የት እውላለሁ፣ ቤት ነዋ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ» አለ።

ሸሚዙ ግን የታጠበ አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ መርዳሳ ዓይኑ ሌላ ነገር ማየት ተወ። ጆቴ ወደ ሁሩታ ሲደውል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መርዳሳ ሲጠጋ መሰኪያውን ይነቅላል። ጆቴ ደስ ብሎታል፤ ያፏጫል። አንድ ሰው ያለ ምክንያት ያፏጫል እንዴ?

በእነሱ ሥራ አንድ ነውር አለ፤ የሰው መስመር ከፍቶ መስማት። መርዳሳ በአራት ዓመት አንድ ቀን አድርጎት አያውቅም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን እጁ ራሱ ሄዶ ማብሪያውን ገፋው።

«... ለመርዳሳ እንዳትነግረው፤ አደራ» ትላለች ሙሉብርሃን።

«እኔ ምን ቆርጦኝ» ይላል ጆቴ።

«ሁሉም ይለቅ፤ ራሴ እነግረዋለሁ።»

መርዳሳ ዘጋው። ጆሮው ጋለ። ሁሉም ይለቅ... ምኑ ነው የሚያልቀው?

ሄዶ ቢጠይቃት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ዓርብን ጠበቀ።

ዓርብ ከሥራ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነው። ሠራተኛው በረጅሙ አግዳሚ ላይ ይደረደራል። ጋዜጣ ይነበባል፤ በተነበበው ላይ ሐሳብ ይሰጣል። ከዚያ ሰዓቱ የሂስና የግለ ሂስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሂሱ «ጓድ እገሌ ያረፍዳል»፣ «የሻይ ብርጭቆ አይመለስም» የሚል ነው። ኃላፊው ጓድ ወልደአማኑኤል በወፍራም መነጽራቸው ሥር እያንቀላፉ ይሰማሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል።

መርዳሳ ተነሣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሂስ አለኝ። ጓድ ጆቴ የሕዝብን መስመር ለግል የፍቅር ጉዳይ እያዋለ ነው።»

ጓድ ወልደአማኑኤል ነቁ። ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ። ሁሉም ወደ ጆቴ ዞረ።

ጆቴ መርዳሳን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። የተናደደ አይመስልም ነበር።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አለና ተቀመጠ።

ሲወጡ ጆቴ በሩ ላይ ጠበቀው። የናዝሬት አቧራ እየተነሣ ነበር። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው።

«አንብበው» አለ።

የቦታ ልውውጥ ማመልከቻ ነበር። አንድ ዓይነት ደረጃ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች ከተስማሙ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም ግን በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም አለባቸው። ጆቴ ወደ ሁሩታ፣ ሙሉብርሃን ወደ ናዝሬት። ከሥር ሁለት ፊርማ። ቀኑ እሑድ፤ ቦታው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለችው ዴራ።

መርዳሳ ሁለቴ አነበበው። ሦስተኛውን አልቻለም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ደስ ሲልህ ለመላው መስመር ታወራለህ። ጓድ ወልደአማኑኤል ደግሞ እጮኛሞችን አንድ የስልክ ቦርድ ላይ አላስቀምጥም ያሉት አንተው ፊት ነው። እሳቸው ፈርመው እስኪያልቅ ዝም እንበል አለች። እኔም እሺ አልኩ።»

«በድሪያስ?»

«ሙሉ ከተራዋ ጠፍታ ነው ዴራ የመጣችው። በድሪያ ሸፈነችላት። ዛሬ ልከራከር ብል ይሄ ሁሉ ይወጣ ነበር።»

መርዳሳ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

«ሂስ የተጻፈበት ሰው ስድስት ወር ዝውውር እንደማይጠይቅ ታውቃለህ» አለ ጆቴ። «እናቴ አዴ ቡዜ ሁሩታ ውስጥ ብቻዋን ናት። ዓይኗ ጨርሶ ሊጠፋ ነው። በር ላይ ሆና አንተ ማነህ ትለኛለች፤ እናቴ። እኔ ለእሷ ብዬ ነበር... አንተ ግን በሙሉብርሃን ጠረጠርከኝ።»

ወረቀቱን ተቀብሎት ሄደ።

በነጋታው ጠዋት መስመሩ ላይ ሁሉም ነበሩ። ሙሉብርሃን ሰምታለች። «ሁሩታ፣ ይሰማል» ብላ አንድ ቃል ተናገረችና ዘጋች።

እሑድ መርዳሳ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዞ ሁሩታ ገባ። ከቤታቸው አጥር ሥር ልብስ ስታሰጣ አገኛት። መምጣቱ አልገረማትም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው፤ እርጥቡን ነጠላ እያራገፈች። «ይቅርታውን አይደለም የምልህ። ያኔ፣ ዴራ ምን ታደርጊ ነበር ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አዎ እንዳትይኝ።»

ነጠላውን ገመዱ ላይ ሰቀለችው። በመካከላቸው ተንጠለጠለ፤ ፊቷን ከለለው።

«ሰባት ወር ድምፄን ሰምተህ ወደድከኝ፤ ያልሰማኸኝ አንድ እሑድ ጣልከኝ። ኑሬን ሰማህ፣ በድሪያን ሰማህ፣ መስመር ከፍተህም ሰማህ። ከእኔ ብቻ አልሰማህም።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ... ልክ መሆን መች ፈለግሁ? ናዝሬት መምጣት ነበር የፈለግሁት።»

መርዳሳ ነጠላውን ሊገልጥ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ምን ላድርግ?»

«የጆቴን ስም ከዚያ መዝገብ አውጣ። አሮጊቷ ልጇን ታግኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምልህ አላውቅም፤ ቃል አልገባልህም።»

ዓርብ መጣ። ጋዜጣ ተነበበ። መርዳሳ ተነሣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ግለ ሂስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት በጓድ ጆቴ ላይ ያቀረብኩት ሂስ አልነበረም። ቅናት ነበር። የማፈቅራትን ልጅ የወሰደብኝ መሰለኝ። አልወሰደብኝም። የሰው መስመር ከፍቼ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

ጸሐፊው ግራ ገብቶት ቀና አለ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቅናት ተብሎ ይጻፍ?»

ጓድ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሰውየው ያለውን ጻፍ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ በዚህ ቤት ሰው እውነቱን ሲያስመዘግብ አላየሁም። ቢሆንም መርዳሳ፣ መስመር ከፍቶ የሰማ ሰው እዚህ ቦርድ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ሻሸመኔ ክፍት ቦታ አለ፤ ትሄዳለህ። የጆቴ ሂስ ይሰረዝ።»

እንዲህ ሆነና መርዳሳ ሲለቅ ለልውውጡ እንቅፋት የሚሆን እጮኛ ናዝሬት ላይ አልተገኘም። ጆቴ ሁሩታ ገባ። ሙሉብርሃን ናዝሬት መጣች፤ መርዳሳ ከሄደ ከአራት ቀን በኋላ።

መርዳሳ ሊሳፈር ሲል ጆቴ ሻንጣውን ተሸክሞለት እስከ መናኸሪያው ሸኘው።

«አልቀየምኩህም አልልህም» አለው። «ግን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። ይሄን ልጅ አምጣልኝና ልርገመው፣ ከዚያ ልመርቀው አለች።»

ሻሸመኔ ሦስት ወር አለፈ። በየጠዋቱ ከናዝሬት የሚመጣው ድምፅ የእሷ ነበር።

«ሻሸመኔ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ሌላ ቃል የለም። ወሬው በዙሪያቸው ይፈስሳል። የዝዋይ ዓሣ ተወደደ፤ አንድ አውቶቡስ ሞጆ ላይ በግ ገጨና ተሳፋሪው ለባለቤቱ አዋጣ። እሷ ከሰው ጋር ትስቃለች። እሱም ከሳቋ በፊት የምትመጣውን ትንፋሽ እየሰማ ዝም ይላል።

አንድ ሰኞ ግን ከእሷ ሳቅ ጋር የወንድ ሳቅ ተሰማ። ከእሷው ወንበር አጠገብ። ማክሰኞም ደገመ። ረቡዕም። የመርዳሳ ደረት ውስጥ የሚያውቀው እሳት ተነሣ። ኑሬን ለብቻው ደውሎ ሊጠይቀው መሰኪያውን አነሣ... አስቀመጠው። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ባሉበት ተናገረ።

«ናዝሬት፣ አጠገብሽ የሚስቀው ሰው ማነው?»

ዴራም ዝዋይም ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ተክለሃይማኖት ይባላል» አለች ሙሉብርሃን ረጋ ብላ። «ከጆቴ... አሁን ከእኔ ወንበር ጎን ባለው ወንበር ላይ የተተካ ነው፤ ያንተው ወንበር። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። የሚያስቀው የራሱ ቀልድ ነው። ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ቀንቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቅናቱ የሚለቀኝ አይመስለኝም ሙሉ። ሲመጣብኝ ግን አንቺን ነው የምጠይቀው።»

ስሟን መስመር ላይ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«አላህ» አለች በድሪያ ከሁሩታ፣ በቀስታ።

«በድሪያ ዝም በይ» አለ ጆቴ ከጎኗ። «ይናገሩበት።»

ሽቦው ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ ያቺ ትንሽ ትንፋሽ መጣች፤ ሳቁ ግን አልተከተላትም። ሙሉብርሃን ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ዴራ፣ ዝዋይ፣ ሁሩታ፣ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። መርዳሳን ላገባው ወስኛለሁ። ሻሸመኔ፣ ሽማግሌ ላክ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነው።»