የማይቃጠለው ክንድ

ፀሐይ በቀትር ጥቁር ቀለበት አጠለቀች። የወይናምባ ሰዎች ይህን አይተው ገና ሳያማትቡ ከግንበኞች አደባባይ ጩኸት ተሰማ። እናት ክንድ ተሰርቃለች። የብር ሣጥኗ ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል፤ ዘቦቿም ዓይናቸውን እንደገለጡ፣ ጦራቸውን እንደጨበጡ፣ በተቀመጡበት ድንጋይ ሆነዋል።

እናት ክንድ ከጥቁር ወይራ የተጠረበች፣ ርዝመቷ አንድ ክንድ የሆነ ዘንግ ነበረች። በዚያ አገር ማንኛውም ግንበኛ ማለዳ ሥራ ሳይጀምር የራሱን መለኪያ ወስዶ ከእርሷ ጋር ጎን ለጎን እያስተያየ ያሳልማል፤ ያልተሳለመ መለኪያ በዚያን ዕለት ድንጋይ አይነካም። ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ሰው ታይቶ አያውቅም። ስለዚህም እርሷ በጠፋችበት ቀን የጉርምባ ወንዝ ግድብ ሥራ ቀጥ አለ። ክረምቱ ሊገባ አርባ ቀን ቀርቶታል። ግድቡ ሳይዘጋ ዝናቡ ከደረሰ ከታች ያሉት ሰባት መንደሮች ከነነፍሳቸው ይጠረጋሉ።

ንጉሥ ወንድይራድ ሸንጎ ጠራ። ሌባው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰውን እንዲህ አስቀምጦ የሚያደርቅ በኮረብ ተራራ ዋሻ የሚኖረው ዘንዶ፣ ጥላዋጥ ብቻ ነው። አንድ ባሕታዊም ተነሥተው፣ ወደዚያ ዋሻ ከሚገቡት አንዱ እንደማይመለስ በራእይ እንደተገለጸላቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ የግድቡን ምሥራቃዊ ክንፍ የምትገነባው ወጣቷ ሐረጓ ከኋላ ወጥታ በንጉሡ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እናቴ ከግድቡ በታች ነው የምትኖረው። በፈጣሪ ስም እምላለሁ፤ ግድቡ ሳይዘጋ መዶሻዬን አልሰቅልም።»

ወደ ዋሻው ስትነሣ ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ በጦር ውርወራው የታወቀ፣ አበጋዝ የተባለ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው በስርቆቱ ሰዓት በቤታቸው የነበሩት የእናት ክንድ ጠባቂ፣ ሰባ ዓመት የዘለላቸው፣ አፋቸው የማያርፍ አለቃ ጎሽሜ ናቸው።

የሚያንጎራጉር ሸምበቆ የበቀለበትን ረግረግ አቋረጡ፤ ክንፋቸው እንደ ነሐስ የሚንቃጨል አሞሮች የሚያንዣብቡበትን ገደል ወጡ። አበጋዝ በሽማግሌው እርምጃ ተሰላችቶ ቀንድ አውጣ እንኳ እንዳለፋቸው ቢናገር፣ ጎሽሜ ዘወር አሉና «ቀንድ አውጣስ ቤቱን ተሸክሞ ነው። አንተ ባንዲት ጦር የምታለከልከው ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ሐረጓ ግን አልሳቀችም። ነፍስ በሥጋ እንደምታድር ሁሉ ክንድ የሚባለው ነገር በዚያች ዘንግ ውስጥ እንደሚያድር ታምን ነበርና፣ ዘንጊቱ ብትሰበርስ እያለች ትብሰለሰል ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከዋሻው ደረሱ። ውስጡ በጥንት ሰዎች የተገነባ፣ ባለ ቅስት ታላቅ አዳራሽ ነው። ጥላዋጥ ከቅስቱ ሥር ተጠምጥሞ ነበር። እናት ክንድን በጥፍሩ ይዟታል። ዓይናቸው እያየ እሳት ተነፈሰባት፤ ወይራይቱ ተንጣጥታ አመድ ሆነች።

«ይኸው ክንዳችሁ» አለ፤ ድምፁ እንደ እንቅልፍ የሚጫን ነበር። «ከእንግዲህ ክንድ የሚባል ነገር በዓለም የለም። ግድቡም አይዘጋም። የሆነው ሁሉ መሆን ስላለበት ሆነ፤ የሚሆነውም መሆን ስላለበት ይሆናል። ታዲያ ምን አደከማችሁ? ቁጭ በሉ።»

አበጋዝ፣ ያ ጀግና፣ ቁጭ አለ። እግሩ ከጣቱ ጀምሮ ወደ ድንጋይነት ይለወጥ ጀመር። ሐረጓም ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል የቅስቱን ግንብ ተደገፈች። የግንበኛ እጅ ግንብ ሲነካ ዝም አይልምና መዳፏ ድንጋዩን ዳሰሰው። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ያላሳለመችውን መለኪያዋን ከወገቧ መዝዛ ድንጋዩ ላይ አጋደመችው።

«አያ ጎሽሜ፣ ይህ አዳራሽ መቼ ነው የተሠራው?»

«እናት ክንድ የተጠረበችበት ወይራ ገና ሳይበቅል።»

«ድንጋዩ እኮ ልክ አንድ ክንድ ነው።»

ሽማግሌው መለኪያዋን አዩ፤ ቀጥሎ ያለውንም ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያለውንም ለኩ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ሳቁ። «እንግዲያ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስጠብቅ ኖሬአለሁ በይኛ። ክንድማ ከእርሷም በፊት ነበረ። ከእርሷ ጋር አይቃጠልም።»

ዘንዶው ተቆጥቶ ተነሣ። ወርዶ ግድቡን በጅራቱ እንደሚንደው፣ ከሦስቱ አንዱም እንደማይወጣ ማለ፤ ይህ የማይቀር ነው አለ። ሐረጓ ቅስቱን ልታፈርስ መዶሻዋን ከወገቧ አወጣች፤ ጎሽሜ ግን ከእጇ ወሰዱት።

«አንድ ሰው እንደሚቀር ተነግሯል» አሏት። «ማን እንደሚቀርና ስለ ምን እንደሚቀር ግን አልተነገረም። እሱን ፈጣሪ ለእኛ ትቶታል። እኔ አበጋዝን መሸከም አልችልም፤ አንቺ ትችያለሽ። ሂጂ ልጄ።»

ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ቅስቱን መውጣት ጀምረው ነበር። አበጋዝን በጀርባዋ አዝላ ሮጠች። ከኋላዋ የቅስቱን አናት የያዘው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ሰማች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ተራራው አገሳ፣ አዳራሹም በጥላዋጥና በሽማግሌው ላይ ወረደ። ዘንዶው ዝም ሲል የአበጋዝ እግር ሞቀ፤ በወይናምባም የደረቁት ዘቦች ዓይናቸውን አርገበገቡ።

ሐረጓ ባዶ እጇን ስትመለስ ግንበኞቹ አጉረመረሙ። ያለ እናት ክንድ ድንጋይ አናነሣም አሉ። ተቆጥታ አልተናገረቻቸውም። በዋሻው ያየችውን ከነገረቻቸው በኋላ፣ ያልተሳለመውን መለኪያዋን ይዛ በፊታቸው ድንጋይ ለካች፤ ጠርባም አስገባችው። ከአጠገቡ ካለው ጋር ፀጉር አላሳለፈም። አንድ ሽበታም ግንበኛ አማትቦ ተከተላት፤ ከዚያ ሌላው። ግድቡ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ተዘጋ። በማግስቱ ሰማይ ተቀደደ፤ ጉርምባ እንደ በሬ እያጓራ መጣና ግድቡ ላይ ቆመ።

ዝናቡ ባባራ ዕለት ሐረጓ ወደ ጎሽሜ ሚስት፣ ወደ እማማ ትርንጎ ቤት ወጣች። አሮጊቷ አስቀመጧትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«መመለስ ይችሉ ነበር?»

ጎረቤቱ ሁሉ ዕጣቸው ነው በያቸው ብሎ መክሯት ነበር። አልሆነላትም።

«ይችሉ ነበር፣ እማማ። የዋሻው በር ክፍት ነበር። መዶሻውን ባይወስዱብኝ የምቀረው እኔ ነበርሁ።»

ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ የማይቀር ነበር እያለ ሊያጽናናኝ ይመጣል። የማይቀር ቢሆንማ ምን ሰጡ ይባላል? ሰጥተው ነው የሄዱት።»

ተነሥተው የሐረጓን እጅ ያዙና ወደ ደጅ ወጡ። ከታች በሸለቆው የሰባቱም መንደር ጣሪያ ጭስ ያወጣ ነበር።