ጊዜ ሲቆም

«ተራሽ ነው፣ ቦሪ» አለ ዜንቴ።

ቦሮካ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ አንስታ እጇ ውስጥ ያዘችው። የምትመታው ጠላት ግን አልነበረም። በጨዋታው ውስጥ የምሽጉን በር ይጠብቁ የነበሩት አርባ ዘቦች፣ ቪሎ አንድ ድግምት ስትናገር በሙሉ አሸዋ ሆነዋል።

«ያንቺ ሻሮልት አሸዋውን ትጥረግልን» አለ ኬንዴ፣ አፉ በፖጋቻ ዳቦ ተሞልቶ። «መጥረጊያ ከሌላት አውሳታለሁ።»

«ሙድ አትያዝ» አለችው ቦሮካ። አብራቸው ሳቀች። ዳይሱን ግን ሳትጥለው መልሳ አስቀመጠችው።

አራቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምረው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዜንቴ አባት የብስክሌት መጠገኛ ጀርባ ባለችው ክፍል ይሰበሰባሉ። አጫዋቹ ዜንቴ ነው፤ ዓለሙን የሚተርከውም፣ ጭራቆቹን የሚያዘምተውም እሱ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ አንዳንድ ጀግና አላቸው፤ ጀግናው የሚችለው ነገር ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፏል። የኬንዴ ሌባ ነው። የቪሎ አስማተኛ ናት። የቦሮካ ደግሞ ሻሮልት የምትባል ባለ ሰይፍ ተዋጊ።

ጀግኖቹ በጨዋታው ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ሳሉ የቪሎ አስማተኛ በቀን ሁለት ድግምት ብቻ ነበራት፤ እሱን ከጨረሰች ድመት ብትቧጭራት ትሞታለች። ተኩላ በመጣ ቁጥር ቪሎ «ቦሪ፣ ከፊቴ ቁሚ» ትል ነበር። ቦሮካም ትቆም ነበር። አሁን አሥራ ሰባተኛ ደረጃ ደርሰዋል። ቪሎ ተራራ ታነሳለች፣ ወደ ሌላ ዓለም በር ትከፍታለች። ሻሮልት በአንድ ተራ አራት ጊዜ ትመታለች። አራት ምት ለተኩላ ብዙ ነበር፤ ተራራ ለምታነሳ ጓደኛ ግን ምን ያደርጋል? ቪሎ «ከፊቴ ቁሚ» ካለቻት ዓመት አልፏል።

በሩን አልፈው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ጠበቃቸው። ገና በመጀመሪያው እስትንፋሱ የኬንዴን ሌባ ጣለው። ተራው የቪሎ ሆነ። ቪሎ ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የለኝም» አለች። «የመጨረሻዋን በሩ ላይ ጨረስኳት።»

«ምንም?» አለ ዜንቴ።

«ባዶ ነኝ። ቦሪ፣ ከፊቴ ቁሚ።»

ቦሮካ ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት። ብድግ ብላ ቆማ ዳይሱን ጣለች። የመጀመሪያው ምት አገኘ። ሁለተኛው ሳተ። ሦስተኛው አገኘ። አራተኛው ተንከባሎ የጭማቂ ብርጭቆው ጋ ሲደርስ ትልቁ ቁጥር፣ ሃያ ላይ ቆመ።

ዜንቴ የዘንዶውን ቀሪ ነፍስ ደምሮ ቀንሶ ቀና አለ። «ወደቀ» አላት።

«ሞቼም እያጨበጨብኩ ነው» አለ ኬንዴ።

ወንዶቹ የሱቁን ተንሸራታች በር ሊዘጉ ሲወጡ፣ ቪሎም ብስክሌቷን ልታወጣ ስትሄድ፣ ቦሮካ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበር። ቪሎ የተጠቀመችበትን ድግምት በሙሉ በእርሳስ ትሰርዛለች፤ ልማዷ ነው። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ ሦስቱ ግን አልተሰረዙም። አንዱ ጊዜን የሚያቆመው ነበር።

ቦሮካና ቪሎ በቲሳ ወንዝ ዳር ወደ ድልድዩ ሄዱ።

«ወረቀትሽን አየሁት» አለች ቦሮካ።

ቪሎ ብስክሌቷን መግፋቷን አላቆመችም። «እና?»

«ነቄ ነኝ፣ ቪሎ። ሦስት ድግምት ነበረሽ።»

«ደስ ብሎሽ ነበር እኮ።»

«ነበር። አሁን ግን ዘንዶውን የገደልኩት እኔ አይደለሁም። አንቺ ነሽ ያስቀረሽልኝ፤ ለትንሽ እህት እንደሚቀርላት ኬክ።»

ቪሎ ቆመች። «ላንቺ ብዬ ብቻ አይደለም» አለች። «ጊዜን ሳቆም ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ሁላችሁም ደርቃችሁ ትቀራላችሁ። ዜንቴ የሚያወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ኬንዴ ስልኩን ይነካካል፣ አንቺ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለሽ። አሸንፋለሁ፤ ግን ብቻዬን ነኝ። ከፊቴ እንድትቆሚ ፈልጌ ነው። ከነሐሴ በኋላማ...»

አልጨረሰችውም። ቡዳፔስት ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። የሚቀጥለው ቅዳሜ የአራቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው።

ቦሮካ መናደድ ፈለገች፤ ንዴቱ ግን እምቢ አላት። ወረቀቱን አጣጥፋ በቪሎ ቦርሳ ኪስ ከተተችላት።

«ቅዳሜ ምንም እንዳታስቀሪልኝ» አለቻት። «ያለሽን ሁሉ አውጪው። ጊዜውንም አቁሚው።»

«አንቺስ?»

«የኔን ለኔ ተይው።»

ቪሎ በድልድዩ ላይ እየነዳች እስክትርቅ ድረስ ቦሮካ አየቻት። ከዚያ የወንዙ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የራሷን ወረቀት አወጣች። ሰይፍ፣ ጋሻ፣ አራት ምት። ስለ ጊዜ የተጻፈ ነገር የለም። ወረቀቱን ትንሽ አየችውና ስልኳን አንስታ ዜንቴ ጋ ደወለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ቪሎ ጊዜን ስታቆም፣ ሻሮልት እኔ አልቆምም ብትል ዳይስ እንድጥል ትፈቅድልኛለህ? ቪሎ ወዳለችበት ለመግባት።»

«ሕጉ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር የለም፣ ቦሪ።»

«አውቃለሁ። የምጠይቅህ ለዚያ ነው።»

ከዜንቴ ጀርባ አባቱ ጎማ ሲነፉ ይሰማል።

«የሚያስፈልግሽን ቁጥር ከባድ ነው የማደርገው» አለ። «በጣም ከባድ። ላይሳካልሽ ይችላል።»

«ይሁን» አለች ቦሮካ። «ብቻ ልጣል።»