የሁለት ሰው ባና

እሳቱን ቆስቁሱት። በሩንም ዝጉት። ነፋሱ ይሰማችኋል አይደል? ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ። የማን ጫማ ነው እንዲህ የሚገማው? ግዴለም፣ ይግማ። የማወራችሁም የሚገማ ነገር ነው።

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም ተውት። ፀሐይ ገደል የምትገባበት ሰዓት ነው። ከመንደሩ በላይ ዳገት አለ፣ ከዳገቱ በላይ ሜዳ። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ነፋስ ብቻ። መንገዱ ቀጭን ነው። ብቻውን የሚሄድበት ሰው የለም። ለምን? ትሰማላችሁ።

ከዳገቱ ሥር የመጨረሻው ቤት የእትዬ ጥሩአየሁ ነው። እዚያ ቤት ከበሩ ኋላ አንድ ባና ተሰቅሏል። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ወፍራም፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። የማንም አይደለም፣ የመንገደኛ ነው። ሁለት ሆናችሁ ትለብሱታላችሁ፣ ሜዳውን ትሻገራላችሁ፣ ማዶ ካለው ቤት ትሰቅሉታላችሁ። ከማዶ የሚመጡት ደግሞ ይመልሱታል። ታጥቦ ያውቃል? በጭራሽ! ስንቱ ላቡን ጠርጎበታል፣ ስንቱ ንፍጡን። ቅማሉ ተሸክሞት ይሻገራል ብትሉኝ አምናለሁ።

አዳፍሬ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ከሜዳው ማዶ የሚወዳት ልጅ አለችው። አባቷ «ነገ ጠዋት መጥተህ ልይህ፤ ካልመጣህ ለሌላ እሰጣታለሁ» ብለውታል። አዳፍሬ አዲስ ነጭ ኩታ ገዛ። ስስ ኩታ! ፏ ብሎ እትዬ ጥሩአየሁ ቤት ደረሰ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ የመንገድ ጓደኛ እስኪያገኙ ይጠብቃሉ፤ አባ ውቤ፣ የበግ ነጋዴ። ያስላሉ። አፍንጫቸው ይፈሳል። በእጃቸው ይጠርጉና እጃቸውን ባናው ላይ።

«ተመስገን፣ ሰው መጣልኝ! ና ልጄ፣ ግባበት።»

አዳፍሬ አፍንጫውን ያዘ። «እዚህ ውስጥ? ከእርስዎ ጋር? እኔ ሚስት ልጠይቅ ነው የምሄደው፣ በግ ልሸጥ አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ «ብርዱንስ ትችለዋለህ፤ ነፋሱ ነው ሙቀትህን ከላይህ የሚገፈው።»

«እትዬ፣ አንድ መለኪያ አረቄ ይስጡኝ። እሱ ያሞቀኛል።»

«የሞቀህ ያስመስልሃል እንጂ አያሞቅህም።»

ጠጣ። ደገመ። ወጣ። ብቻውን! ለጨርቅ ብሎ! ኧረ አያስጠላም?

ዳገቱን በሩጫ ወጣው። አላበው። ሜዳው ላይ ብቅ ሲል ነፋሱ አገኘው። ላቡ ጀርባው ላይ በረዶ ሆነ። ጆሮው ነደደ፣ ነደደ፣ ከዚያ ጠፋ። ጆሯችሁ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ሲነካው የሌላ ሰው ጆሮ ነው።

ያኔ ከኋላው ሰማ። ሽርርጥ። ንፍጥ ወደ ላይ ሲሳብ።

«እኚህ ቆሻሻ ሽማግሌ! አይከተሉኝ ብያለሁ!»

ዞረ። ማንም የለም።

ሄደ። ሽርርጥ። አሁን ከቀኙ ነው። የለም። ሄደ። ሽርርጥ። አሁን ከፊቱ ነው።

ከፊቱ ድንጋይ ላይ ሰው ተቀምጧል። ነጭ ለብሷል። አዳፍሬ ደስ አለው፤ ንጹህ ሰው አገኘሁ ብሎ። ቀረበ። ነጭ አልለበሰም። ነጩ ገላው ነው! ልብሱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ንፍጡ ከአፍንጫው እስከ እምብርቱ እንደ ጧፍ ደርቋል። የእግሩ ጣቶች ጠቁረዋል፣ እንደተቀቀለ ድንች ተልጠዋል። ቱ!

«አንተም ንጹህ ነህ፣» አለው። «እኔንም ያ ባና ቀፍፎኝ ነበር።»

አዳፍሬ ሊሮጥ አሰበ። እግሩ እምቢ አለ። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡም ቆመ።

«ሞቀህ አይደል?»

እውነትም ሞቀው! በዚያ ነፋስ ውስጥ ደረቱ እንደ ምድጃ ነደደ።

«ሞቀኝ» አለ።

«አውልቀው እንግዲህ። አጣጥፈው፣ እንዳይቆሽሽ።»

ኩታውን አወለቀ። አጣጠፈው። ሸሚዙን አወለቀ። አጣጠፈው። ያ ነገር ፈቀቅ አለና ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀለት። አዳፍሬ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ዷ! አንድ ከባድ ነገር ከላዩ ወደቀ። ጨለመ። ግማት! የበግ ግማት፣ የላብ ግማት፣ የእግር ግማት። አንድ ትኩስ አፍ አንገቱ ሥር ሳለበት።

«ያዝኩህ፣ አንተ ጅል!»

አባ ውቤ ናቸው። ከባናው በሌላ ወገን እትዬ ጥሩአየሁ። ሁለት ሆነው፣ እንደ ደንቡ፣ ተከትለውት ኖሯል።

ያ ነገር ጮኸ። «ይገማል! ይገማል!» የሰው ትንፋሽ፣ የሰው ላብ ቀፈፈው። አፍንጫውን ይዞ ወደ ጨለማው ተንፏቀቀ።

ሦስቱ ተጣብቀው ተሻገሩ። አዳፍሬ የአባ ውቤን ንፍጥ ከጉንጩ እየጠረገ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጠዋት ከልጅቷ አባት ፊት ቆመ። ኩታ የለ፣ የጆሮው ጫፍ ጠቁሯል፣ በግ በግ ይላል። አባትየው ቀርበው አሸተቱት።

«ባናውን ለብሰህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ልብ ገዝተሃል። ውሰዳት።»

ኩታውስ? እዚያው ድንጋይ ላይ ታጥፎ ቀረ። ከጎኑ ደግሞ ክፍት ቦታ አለ።

እንግዲህ ሽንት የመጣበት ካለ ብቻውን አይውጣ። ያላበው ይቀይር። ጆሯችሁን ሸፍኑ። መንቀጥቀጡን ትቶ ዝም ያለ ሰው ካያችሁ ያዙት፣ እቀፉት፣ ቢገማም እቀፉት።

እሳቱ ጠፋ እኮ። በሩን ማን ከፈተው? ሁላችንም እየተንቀጠቀጥን ነው፣ አይደል? ሁላችንም?

ታዲያ አሁን «ሞቀኝ» ያለው ማነው?