በምላጭ የፋቅኩት ቤት

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ በጋኔን፣ በሟርት፣ በጥላ የማምን ሰው አልነበርኩም። ደብረ ማርቆስ ልጅ ሳለሁ እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ክታብ በጥሼ ጓሮ የጣልኩ፣ ለዚያም በቅጡ የተገረፍኩ ነኝ፣ ኋላ አዲስ አበባ ወርጄ ንድፍ ስማር ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝና በማስመሪያ የማይለካ ነገር ሁሉ ውሸት ነው ባይ ሆንኩ። ስለዚህ የማወራችሁን ሰምታችሁ ሽማግሌው ጃጀ እንዳትሉኝ፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፣ እንዲያውም ከንዴቴ ብዛት ውጬ ያስቀረሁት ይበልጣል።

ጊዜው የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው፣ እኔ ወልቂጤ ውስጥ ሒሳብና ንድፍ አስተምራለሁ። በዚያን ጊዜ ግራዝማች አስፋው የሚባል ሰውዬ ነበር፣ ዛሬም ስሙን ሳነሳ ደሜ ይፈላል፣ ሁለት የጭነት መኪና አለው፣ የተማሪ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው፣ ስለዚህ ያልወደደውን አስተማሪ በአንድ ደብዳቤ ወደ ቆላ ያስወርዳል። አንድ ቀን ቤቱ አስጠራኝና በጅማ መንገድ ዳር ሆቴል ሊሠራ እንዳሰበ፣ ሆቴሉ ግን ገና በሐሳቡ ብቻ እንዳለ፣ እኔ ቆሞ እንደሚታይ አድርጌ እንድሥልለት ነገረኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አበጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆችን ሣጥንና ወንበር ሳስነድፍ የኖርኩ ሰው፣ የትም የሌለ ቤት ከጭንቅላቴ አውጥቼ እንድሥል የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር። ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን ለማታውቁት፣ ቅርቡን አግዝፎ ሩቁን አሳንሶ፣ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ መሣል ማለት ነው። መጀመሪያ ተመልካቹ የት እንደቆመ ትወስናላችሁ፣ በዓይኑ ቁመት ልክ ወረቀቱን የሚያቋርጥ መስመር ታሰምራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሩቅ የሚሄዱት መስመሮች ሁሉ እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ ጋ ይገናኛሉ። እኔ እዚያች ነጥብ ላይ ስፒል ሰክቼ ክር አስርበታለሁ፣ ክሩን እየወጠርኩ ነው የማሰምረው።

ግራዝማች የመረጠው ቦታ ከቸሃ በኩል የሚመጣ አንድ ጀፎረ መንገዱን የሚነካበት አፍ ነው። ጀፎረ ማለት ግራና ቀኙን ቤቶች የተሰለፉበት ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፣ ለቅሶውም ሠርጉም ሸንጎውም እዚያ ላይ ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ደግሞ እግዜር ራሱ ያሰመረው ፐርስፔክቲቭ ነው። ከአፉ ላይ የአባ ከድር ቤት ነበር። አባ ከድር ቤት ሠሪ ናቸው፣ ያን ሰፈር ግማሹን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ መሃል ላይ ችካል ይመቱና ገመድ አስረው ቢስሚላሂ ብለው ይዞራሉ፣ ክቡ ዝንፍ አይልም።

ቦታውን ልለካ የሄድኩ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ፣ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ አጣሁ። ምን እንደምሠራ እንኳ ሳይጠይቁ መጥተው ጫፉን ተቀበሉኝ።

«ይዣለሁ፣ አንተ ለካ» አሉኝ።

ልብ በሉልኝ፣ የገዛ ቤታቸው የሚፈርስበትን ልኬት ነው ጫፍ ይዘው ያስለኩኝ። ያኔ እኔም አላወቅኩም ነበር፣ ኋላ ግን አውቄያለሁ፣ ቆሽቴን የሚያሳርረውም ኋላ ማወቄ ነው። ለክተን ስንጨርስ አስገቡኝ፣ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፣ ምሰሶው አጠገብ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ ሆናችሁ በበሩ ስታዩ ጀፎረው ወለል ብሎ እስከ ሩቅ ይታያል። ምሰሶውን መታ መታ እያደረጉ ከሟች ሚስታቸው ጋር የገቡበት ቤት መሆኑን፣ ሲሞቱም ከዚያው እንደሚወጡ ነገሩኝ።

በማግስቱ ረቂቁን ለግራዝማች ሳሳየው ጣቱን አባ ከድር ቤት ላይ አሳረፈና ይህን ጎጆ አውጣው፣ ሣር አድርገው አለኝ። ሥዕሉ ከማመልከቻው ጋር አዲስ አበባ ይገባል፣ መሬቱ ባዶ መሆኑን ማየት አለባቸው ብሎ ሳያፍር ነገረኝ። ሰው ይኖርበታል እኮ፣ አልኩት።

«የሌለውን ሆቴል ከሣልክ ያለውን ጎጆ መተው ምን ያቅትሃል?» አለኝ።

ያልተከራከርኩት አሳምኖኝ እንዳይመስላችሁ፣ ስለፈራሁና ሥዕሉ በእጄ ሊያምር ስለሆነ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን ቆርጦኝ እሺ እንዳልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ያቺ ቀን ቅዳሜ ነበረች፣ ሰኔ ውስጥ፣ ምሳ ከበላሁ በኋላ። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያዬን ይደበድበዋል፣ እኔ ሰሌዳዬን መስኮቱ ሥር አድርጌ እርሳሱን በቀለም እከተላለሁ። የአባ ከድር ቤት በነበረበት ቦታ ሣር፣ ሣሩ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ድንቄም ሴት! ሳሰምር፣ ሳሰምር፣ ከዝናቡ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቷ። ቆይቶ ደግሞ ቷ። ችካል መሬት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ እንዳልሳሳት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤት ሰው ፍየል ሊያስር ይሆናል ብዬ በሩን ከፈትኩ፣ ግቢው ውስጥ ከጎርፍ በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም። ስመለስ ስፒሌ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ይወድቃል፣ ምን አለበት። መልሼ ሰካሁት። ክሩን ወጠርኩና ለማረጋገጥ ያህል በቀለም ካለቀው መስመር አንዱን ለካሁት፣ አይገጥምም። ሌላውን ለካሁ፣ እሱም አይገጥምም። ተናደድኩ፣ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ሥራ ነው። አንድ በአንድ ሁሉንም በክር ስከታተላቸው መስመሮቹ አልተዛቡም፣ ሁሉም በሥርዓት ይገናኛሉ፣ ግን እኔ በሰካሁት ነጥብ ላይ አይደለም፣ ከእሱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው። ሁለት ጣት በወረቀቱ ልኬት ስንት እንደሚሆን አሰላሁት፣ ደግሜም አሰላሁት። የቆመ ሰው ዓይን አይደለም። ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ነው።

እኔ ደግሞ በእግዜር ስም እምላለሁ፣ መስመሩን በቆመ ሰው ቁመት ነው ያሰመርኩት።

ፊቴን ወደ ወረቀቱ ሳስጠጋ ነው ሌላውን ያየሁት። ሣሩ ላይ አንዲት የተወጋች ቀዳዳ አለች፣ በቀዳዳዋ ዙሪያ ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን ተጭኖ ያለፈ ስስ መስመር ዞሯል፣ ከመሃሉም አጭር ቀጥ ያለ ሰረዝ ቆሟል። ኮምፓሴ ነው እንዳትሉኝ፣ ኮምፓሴ ተማሪ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ደግሞም ኮምፓስ ይህን አይሠራም። ክብ ነገር በፐርስፔክቲቭ ሲታይ እንደ እንቁላል ይተኛል፣ እሱን ለማግኘት ነጥብ በነጥብ ማስላት አለባችሁ፣ ያን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ለካሁት። ልኩ ነው። አባ ከድር ጫፉን ይዘው ያስለኩኝ ቤት፣ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ሲታይ፣ ዝንፍ ሳይል።

አሁን ሰው ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ወረቀቱን ቀድጄ እሄድ ነበር። እኔ ግን ምን ተሰማኝ መሰላችሁ፣ ንዴት። ማንም ይሁን ማን በገዛ ሥራዬ ላይ ገብቶ የሚያስተካክለኝ ማነው ብዬ፣ እልህ ያዘኝ። ምላጭ አነሳሁ። እኛ ነዳፊዎች የተሳሳተ ቀለም የምናጠፋው በምላጭ እየፋቅን ነው። ክቡን ፋቅኩት፣ ቀጥሎ ያቺን የቆመች ሰረዝ ከላይ ወደ ታች አራት ጊዜ ፋቅኳት። ስፍቃት ክፍሌ ውስጥ የጢስና የሣር ክዳን ሽታ ገባ፣ አባ ከድር ቤት ቆጮ የበላሁ ዕለት አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው ሽታ። በአራተኛው ላይ ድምፁ ቆመ። ሰዓቴን አየሁ፣ ወደ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ጠዋት የአባ ከድር ቤት ወደቀ ሲሉ ሰማሁ። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሣር ክዳኑ ጀፎረው ላይ ተዘርሮ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንጨት ያወጣል። ትናንት ለዐስር ሶላት መስጊድ በወጡበት ሰዓት ነው የወደቀው፣ አላህ አተረፋቸው ይባባላሉ፣ ንፋስም ጎርፍም አልነካውም፣ የአጠገቡ ያረጀ ቤት እንኳ ቆሟል። አባ ከድር የተገነጠለው ምሰሶ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ አውራ ጣታቸውን በምሰሶው ላይ ከላይ ወደ ታች ይነዱታል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቦታ።

«ይሄ መጥረቢያ አይደለም» አሉኝ። «መጥረቢያ ይሰብራል። ይሄ ፍቆታል፣ የምላጭ ነው። ይህን የሚያህል ግንድ ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ማነው?»

ቀና ብለው አዩኝና ደንግጠሃል፣ ተቀመጥ ልጄ፣ አሉኝ፣ ቤታቸው የወደቀባቸው ሰውዬ እኔን ያጽናኑኛል። እንዲህ ያለ ደግነት ከጥፊ ይብሳል። ሳልቀመጥ ከጎረቤቱ ጋር እንጨት ማውጣት ገባሁ።

ሰፈሩ ተሰብስቦ በሳምንቱ ሊያቆምላቸው ቆርጦ ነበር፣ ግን በሦስተኛው ቀን የግራዝማች ዘበኞች መጥተው አጥር አጠሩ፣ ባዶ መሬት ነው ብለው። አባ ከድር ገመዳቸውን ጠቅልለው ቡታጅራ ልጃቸው ጋ ሄዱ። እኔ ሥዕሉን ይዤ ግራዝማች ዘንድ ስገባ፣ ሰውዬው ገና ከማየቱ ፊቱን አጨማደደ። ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ የሚያይ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ ለማኝ ያየው ይመስላል አለና አልፈልገውም ብሎ ወረወረልኝ። ሌላ ነዳፊ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ መሬቱ እንደሆነ አሁን ባዶ ነው አለኝ። ይታያችሁ፣ ለከንቱ! ሰው ይኖርበት ነበር ብዬ ጮህኩበት፣ ሳቀ፣ ሥዕሌን አንሥቼ በሩን ደርግሜ ወጣሁ፣ ጀግንነቴ በሩን እስከመደርገም ብቻ ነበር። ሆቴሉም አልተሠራ፣ ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተገለበጠና ግራዝማቹም መኪኖቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ።

ቤቱ በወደቀበት ክረምት በአዲስ አበባ ዞሬ ቡታጅራ ሄድኩ፣ ልናዘዝ፣ ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አባ ከድር የልጃቸው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ምሰሶ በሌለው ባለ አራት ማዕዘን ክፍል መሃል ቁጭ ብለዋል። ከስተዋል። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ ጠየቁኝ።

«ያ የለካነው ሥራ አለቀ?»

«አለቀ» አልኳቸው።

«ቤቴ አለበት?»

ምን ልበል? አለ፣ አልኳቸው። ዓይናቸው በራ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ «እንግዲያ ሜዳ ላይ አልቀረሁም።»

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። የሞታቸውን ወሬ የሰማሁ ዕለት ሥዕሉን አውጥቼ ቤታቸውን ልመልስ ተቀመጥኩ፣ ቢያንስ ውሸቴን እውነት ላድርገው ብዬ። ግን የተፋቀ ወረቀት ቀለም አይዝም፣ ገና ብዕሩ ሲነካው ይጠጣውና ይበትነዋል፣ ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሞከርኩ፣ አበላሸሁ፣ በዓመቱ ደግሞ ሞከርኩ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የቀረው ጥቁር እድፍ ነው።

ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አላውቅም። ፐርስፔክቲቭ ትክክል ሆኖ የሚታየው ዓይናችሁን ከልኩ ቦታ ስታደርጉ ብቻ ነው፣ የዚህኛው ልክ ደግሞ ወለል ላይ ካልተቀመጣችሁ አይገኝም። በየሰኔው አንድ ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፌ ወለል ላይ እቀመጣለሁ፣ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ግራና ቀኝ ያሉት መስመሮች የበር መቃን ይሆናሉ፣ ከበሩ ወዲያ ጀፎረው ወለል ብሎ ይታያል፣ የጢሱ ሽታ ይመጣል፣ ከኋላዬ የሸራ ሜትር ሲወጠር ይሰማኛል። ዞር ብዬ አላውቅም። ድምፁ አይወቅሰኝም፣ አይቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ በተሻለኝ። በዚያው በድሮው አነጋገሩ፣ ይዣለሁ፣ አንተ ለካ፣ ይለኛል።