አርብ ዕለት የተነፋው ቀንድ

አባቴ «ኀፍረት የማያውቁ ሁለት ፍጥረቶች አሉ፤ ከርከሮና ብስክሌተኛ» ይላል። ሁለቱም ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ሁለቱም አፈር ገልብጠው ይሄዳሉ። በዚያ መኸር ሁለቱም በመሬታችን አለፉ። ጥፋቱ የአንዱ ሲሆን ቅጣቱ ግን ለሌላው ደረሰ።

ሎሪስን ያወቅሁት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ወይራ ስንለቅም ነው። መረቡን ከዛፎቹ ሥር ዘርግቼ ቅርንጫፉን በዘንግ እያራገፍኩ ሳለ አንድ ሰው ከላይኛው እርከን ከነብስክሌቱ ካቡን ዘሎ መጣና መረቡ መሐል ዘፍ አለ። የጠዋት ልፋቴ ሁሉ ተበተነ።

«ሞተሃል ወይስ እያረፍክ ነው?» አልኩት።

«መረቡ ያንቺ ነው?» አለ እንደተጋደመ።

«ወይራውም የኛ ነው፤ የተረገጠውም የተረፈውም! በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ላንተ ነው።»

«ሣሩንም አላየሁም» አለ። «ያየሁት አንቺን ነው። መታጠፊያው ያመለጠኝ ለምን መሰለሽ?»

ዓይን አውጣ! ላለመሳቅ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ከንፈሬ ግን ከዳኝ። ሎሪስ እስኪመሽ ድረስ ተንበርክኮ ወይራውን አንድ በአንድ ለቀመ። ሄልሜቱን ማውለቅ እንኳ ረስቶ ነበር። አባቴ ከሩቅ ሆኖ የማያይ መስሎ ሲያይ ዋለ።

የሎሪስ ሥራ የብስክሌት መንገዶችን መጠበቅ ነው። የወደቀ ግንድ ያነሳል፣ ዝናብ የሸረሸረውን ይደለድላል። ከተራራው ጫፍ ተነስቶ በጥዱ ጫካ የሚወርደውና የባሕሩን ገደል ተከትሎ የሚጠመዘዘው መንገድ መጨረሻው የእኛ እርከን ነው። አባቴ በዚያው ቀን እጁን ዘረጋለት።

«በመሬቴ እለፍ» አለው። «ካቤን ግን እንዳትነካ። አያቴ ድንጋይ በድንጋይ የደረደረው ነው።»

ተጨባበጡ። በእኛ መንደር ከዚህ በላይ ውል የለም። ከዚያ ወዲህ ሎሪስ ሥራውን ሲጨርስ በዚያ መንገድ ወርዶ ብስክሌቱን አጥራችን ላይ ያስደግፋል፤ አባቴም ወይን ይቀዳለታል። እኔና ሎሪስ በፀደይ ልንጋባ ነበር። ካቡ ባይፈርስ ኖሮ።

አንድ ጠዋት ስንነሳ የላይኛው ካብ ተዘርግፎ አገኘነው። ሥሩ ተቆፍሯል፤ አፈሩ ላይ የሰኮና ምልክት ሞልቷል።

«የብስክሌት ጎማ ነው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ጎማ ሰኮና አለው እንዴ?»

«ነገር አታብዢ! ያ ሰው ቃሉን በልቷል። ከዛሬ ጀምሮ በመሬቴም አያልፍ፣ በደጄም አይቁም።»

ጉዳዩ ገባኝ። አባቴ አውሬሊዮ የአዳኞች አለቃ ነው። ገና ባለፈው ሳምንት ቡና ቤት ተቀምጦ «እኛ ባለንበት ኮረብታ የከርከሮ ዘር አልቀረም» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማው ፎክሯል። አሁን ከርከሮ መጥቶ የገዛ ካቡን አፈረሰው ብሎ እንዴት ይናገር? ኩራት እራቱ የሆነ ሰው፣ እውነቱን ከሚናገር የልጁን እጮኛ ቢያጣ ይቀለዋል።

ሎሪስን ወደብ ላይ አግኝቼ ነገርኩት።

«አርብ እመጣለሁ» አለ። «ፊት ለፊት ላናግረው።»

«በአስፋልቱ ና። መንገዱን ከልክሏል።»

«ለምን? ሌባ ነኝ? እጄን ጨብጦ በሰጠኝ መንገድ ነው የምመጣው። ካባረረኝ ደግሞ ከዚህ በስተሰሜን ባሉት ተራሮች ላይ ሥራ አለኝ፤ እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አብረሽኝ ነሻ» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከእኔ ሌላ ማንም እንደሌለው ያውቃል።

አርብ ለምሳ ጥንቸል በወይራ ሠራሁ። አባቴ እንደ ወትሮው ዳቦውን በመረቁ እያጠቀሰ ይበላል። ሎሪስ እንደሚመጣ አልነገርኩትም፤ ወይኑን እስኪጠጣና ፊቱ እስኪፈታ እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«መንገዱን ዘጋሁት» አለ። «በወይራ መረቡ ገመድ። ትልቁ ጥድ ጋ፣ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ ከዛፍ ዛፍ አሰርኩት።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ከመታጠፊያው በኋላ? እዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ?»

«አዎ። ምን አለበት? ሰው ዕውር ካልሆነ ያየዋል፤ አይቶ ይመለሳል።»

«አባዬ፣ የሚመጣው እኮ እየተራመደ አይደለም!»

የጎረሰውን አላኘከውም፤ ጉንጩ እንደሞላ ቀረ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የሄደ ሰው ነው፤ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ገመዱን ያሰረው በራሱ እግር ለክቶ ነው። ሎሪስ ግን ከዚያ መታጠፊያ የሚወጣው ቁልቁል እንደተለቀቀ ድንጋይ ነው። ገመዱን ሲያየው ደረቱ ላይ ይሆናል። ከጎኑ ደግሞ ባሕር ብቻ ነው።

«ዛሬ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱ ይመጣል። አሁን። ሊለምንህ።»

መልሱን አልጠበቅሁም። ወደ ሎሪስ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የአባቴን ቀንድ ነጥቄ ሮጥኩ።

በእኛ መንደር ቀንድ መጫወቻ አይደለም። አለቃው አንዴ ረዘም አድርጎ ከነፋ «ከርከሮ ፊቴ ቆሟል፤ ማንም እንዳይነቃነቅ» ማለት ነው። አዳኝ ጣቱን ከቃታው ያነሳል፤ እንጉዳይ ለቃሚ እንዳጎነበሰ ይቀራል፤ ብስክሌተኛም ፍሬኑን ይዞ ባለበት ይቆማል። ከርከሮ ሳይኖር የነፋ አለቃ ደግሞ ቀንዱን ሰው በተሰበሰበበት ያስረክባል። አባቴ ከአባቱ ከተረከበው ጀምሮ አንድ ቀን በከንቱ ነፍቶት አያውቅም። አርብ ደግሞ የአደን ቀን አይደለም።

እርከኑን ወጥቼ ቀና ስል ከላይ በጥዶቹ መሐል የሎሪስ ቢጫ ሄልሜት ብልጭ አለ። እየወረደ ነው። «ሎሪስ!» ብዬ ጮህኩ። የባሕሩ ነፋስ ድምፄን መልሶ አፌ ውስጥ ከተተው። ቀንዱን አፌ ላይ አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። እንደገና ነፋሁ። ምንም። እንባዬ መጣ።

አባቴ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ደረሰ። ቀንዱን ዘረጋሁለት።

«ንፋው!»

ቀንዱን ተቀበለኝ። ከታች ጣሪያዎቹ ይታያሉ፤ የአዳኙ የኢቫልዶ ቤት፣ የቡና ቤቱ በረንዳ። ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ለቅጽበት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ ልታጣኝ ነው።»

አባቴ ነፋ። ፊቱ ደም መስሎ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋ። ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጫካው ጸጥ አለ። የጎማ ድምፅ የለም፣ የሰው ድምፅ የለም። ሎሪስ ቆሞ ይሁን ወድቆ ምን አውቄ!

ወደ መታጠፊያው ሮጥኩ። ገመዱ እንደተወጠረ ነው፤ ማንም አልነካውም። በሥሩ ሾልኬ ጥዱን ዞርኩ። ሎሪስ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁለት እጁን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«አትንቀሳቀሺ» አለ በሹክሹክታ። «ከርከሮው የት ነው?»

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሱ ግራ እንደገባው ጀርባዬን ይዳብሳል፤ ዓይኑ ግን አሁንም ከርከሮ ይፈልጋል።

አባቴ መጣ። አልፎን ጥቂት ሽቅብ ወጣ፤ ከዚያም ፊቱን መልሶ ብስክሌተኛ ሲወርድ እንደሚያየው ቁልቁል አየ። ገመዱ ከዚያ አይታይም። ተመልሶ ወደ ገመዱ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ቢላዋውን መዘዘ። አባቴ ገመድ ሲቆርጥ አይቼ አላውቅም፤ አሮጌ ሲባጎ እንኳ ፈትቶ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ያንን ደህና ገመድ በአንድ ምት በጠሰው።

«ጋሽ አውሬሊዮ» አለ ሎሪስ፤ ገመዱን አሁን ገና ማየቱ ነው። ፊቱ ነጣ። «ይሄ ለኔ ነው?»

«ላንተ ነው» አለ አባቴ። «በእግረኛ ዓይን ነው የለካሁት። ይቅር በለኝ።»

ሎሪስ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ውሾች ተንጫጩ። ኢቫልዶና ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«የታለ?» አለ ኢቫልዶ። «የታለ ከርከሮው? ምሳዬን ጥዬ ነው የመጣሁት!»

አባቴ እነሱን አየ፣ ቀንዱን አየ፣ እኔን አየኝ።

«እዚህ የለም» አለ። «ካቤን አፍርሶ ከሄደ ሰነበተ። ከርከሮ መሆኑን የዚያን ዕለት ጠዋት ነው ያወቅሁት፤ አውቄ በዚህ ልጅ አላከክሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቀንዱን ከትከሻው አውልቆ ለኢቫልዶ ሰጠው። ኢቫልዶ መቀበሉ ራሱ ከብዶት አንገቱን ደፋ። አባቴ ወደ ሎሪስ ዞረ።

«ዳቦውን በልቼዋለሁ፤ ጥንቸሉ ግን አለ» አለው። «ና እንውረድ። ነገ ደግሞ ድንጋይ ታቀብለኛለህ።»

ሎሪስ አየኝ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ በአባቴ እግር ልክ ቀስ ብሎ ወረደ።

በፀደይ ተጋባን። ጋሽ ኢቫልዶ ቀንዱን አንግቶ መጥቶ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ አንዴ ረዘም አድርጎ ነፋው። ሎሪስ ልማድ ሆኖበት ደረጃው ላይ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሎሪስ እግሩን መሬት እስኪያስነካ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ቆመ።